ከባትሪው በፊት ሙቀትን ተማሩ

ውድ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችና ጀማሪ መሐንዲሶች፣

ስለ ነፋስና ስለ ፀሐይ ኃይል ስናወራ ጥያቄያችሁ ሁሌም አንድ ነው። ነፋሱ ሲቆም ምን ይደረጋል? አብዛኞቻችሁ መልሱን የምትፈልጉት ባትሪ ላይ ነው። ባትሪ ጥሩ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት ዴንማርክ፣ በሙቀት ሥራ ላይ ነውና መጀመሪያ ሙቀትን እንድትማሩ አደራ እላለሁ።

ዴንማርክ ውስጥ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ዛሬ ከግማሽ በላዩ የነፋስ ነው። ከቤቶቹ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚሞቁት ከመሬት ሥር በተዘረጋ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው። እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ አገሩን ክፉኛ መታው። እ.ኤ.አ. በ1979 የሙቀት አቅርቦት ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ትንንሽ ከተሞች ሳይቀሩ ኤሌክትሪክና ሙቀት አብረው የሚያመርቱ ጣቢያዎችን ተከሉ። ነዳጅ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚሰጥ ጣቢያ ብዙውን ጊዜ ከጉልበቱ ከግማሽ በላዩን በከንቱ ይለቀዋል። ሙቀቱም ለከተማው ሲውል ግን ከ85 እስከ 90 በመቶው ሥራ ላይ ይውላል።

ምስጢሩ ያለው ከጣቢያው አጠገብ በቆመው ታንከር ውስጥ ነው። ትልቅ ፔርሙዝ በሉት። ሙቁ ውሃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ይቀመጣል። እንዳይደባለቁ ውሃው የሚገባውም የሚወጣውም በጣም በዝግታ ነው። ከላይ እስከ ታች በተደረደሩት ቴርሞሜትሮች ሠራተኛው የሁለቱን ድንበር ይከታተላል። ድንበሩ ወደ ታች ከወረደ ታንከሩ ሞልቷል፤ ወደ ላይ ከወጣ ሙቀቱ እያለቀ ነው።

ሠራተኛው ጠዋት የነገውን የነፋስ ትንበያና የኤሌክትሪክ ዋጋ ያያል። የነገው ኤሌክትሪክ የሚሸጥበት ገበያ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጋ ከዚያ በፊት መወሰን አለበት። ነፋስ በጠፋበት ሰዓት ዋጋው ይወደዳል። ያኔ ነዳጅ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የጣቢያው ሞተር ይነሳል፣ ኤሌክትሪኩ ይሸጣል፣ የተረፈው ሙቀት ታንከር ይገባል። ነፋሱ ሲበረታ ሞተሩ ይጠፋና ከተማው ከታንከሩ ይሞቃል። ነፋሱ ከልክ ካለፈ ደግሞ የኤሌክትሪክ ቦይለር ይከፈትና ትርፉን ወደ ሙቅ ውሃ ይለውጠዋል። ቤቱ የተቀመጠው ሰው ግን ምንም አይታወቀውም። ኤሌክትሪክ በየሰከንዱ መመጣጠን አለበት፤ ሙቀት ግን ይታገሣል።

ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ90 ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ 58 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ኮፐንሃገን አጠገብ ያለው የአቬዶረ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 22,000 ሜትር ኩብ የሚይዙ ሁለት ታንከሮች አሉት። ይህን በባትሪ ዋጋ አስቡት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብዙዎቹ ትንንሽ ጣቢያዎች የሚያቃጥሉት የተፈጥሮ ጋዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ይሰጣቸው የነበረው ድጎማ ሲቆም የሞተሮቹ የሥራ ሰዓት ቀነሰ፤ በቦታቸው ሂት ፓምፕ (በኤሌክትሪክ ከአየር ወይም ከውሃ ሙቀት የሚስብ መሣሪያ) እና የኤሌክትሪክ ቦይለር ገቡ። ቧንቧውና ታንከሩ ግን ዛሬም ያገለግላሉ። ሞተሩን ትወዱት ይሆናል፣ እኔም እወደዋለሁ። ገንዘቡን ግን መጀመሪያ ታንከሩና ቧንቧው ላይ አውሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት የሚያሞቅ ቧንቧ አንፈልግም። ኮጀነሬሽን፣ ማለትም ኤሌክትሪክና ሙቀትን አብሮ ማምረት፣ ግን በስኳር ፋብሪካዎቻችን አለ፤ ባጋስ (ተጨምቆ የቀረው የአገዳ ገለባ) ተቃጥሎ በእንፋሎቱ ተርባይን ይዞራል፣ የአገዳው ጭማቂም ይፈላል። ፋብሪካዎቹ በዋናነት የሚሠሩት በበጋ፣ የግድቦች ውሃ በሚቀንስበት ወቅት ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ችግሩ ጭማቂው እንደ ዴንማርክ ቤቶች አይታገሥም፤ ቶሎ ካልፈላ ይበላሻል። ስለዚህ እዚህ የሚጠብቅላችሁ የተከመረው ባጋስ ነው። ክምሩ ከዝናብ ከተጠበቀና ለኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ተጨማሪ ተርባይን ካለ፣ የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ነፋስ ሲደክም ያንን ማቃጠል ይቻላል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የቸገራችሁ ካላችሁ፣ አቅራቢያችሁ ያለ ቢራ ወይም ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሂዱ። ቦይለር ክፍሉን አስፈቅዳችሁ ግቡና የአንድ ሳምንት የእንፋሎት ፍጆታውን በየሰዓቱ መዝግቡ። የኤሌክትሪኩን ንድፍ የምታወጡት ከዚያ በኋላ ነው።