ሥራው ሊያልቅ ሲል ለምን እናበላሸዋለን? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሥዕሌ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ብሩሼን ጥዬ እጠፋለሁ። ስንፍና ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። ሰነፍ እስከዚያ ድረስ አይለፋም። ያላለቀን ሥዕል ማንም አይተቸውም፤ "ባልቅ ኖሮ ጉድ ነበርኩ" እያለ ግድግዳ ተደግፎ ይኖራል። ኤድዋርድ ጆንስና ስቲቨን በርግላስ የተባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ አለ። ተማሪዎች መልስ የሌላቸው ጥያቄዎች ተሰጧቸው፤ በግምት ሞልተው "ጎበዞች ናችሁ" ተባሉ። ከሁለተኛው ፈተና በፊት መድኃኒት ምረጡ ሲባሉ፣ ብዙዎቹ ወንዶች አእምሮ ያደነዝዛል የተባለውን መረጡ። ቢወድቁ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነዋ! ሴቶቹ ግን እንዲያ አላደረጉም። (ወንዶች፣ ቅር አይበላችሁ።)

ጥያቄ፦ መውደቅን መፍራት ይገባኛል። ስኬትን ግን ማን ይፈራል?

መልስ፦ አንዴ የተሳካለት ሰው። አሜሪካዊው ራልፍ ኤሊሰን የመጀመሪያ ልቦለዱን በ1952 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ በዓመቱ የብሔራዊ መጽሐፍ ሽልማት ወሰደ። ሁለተኛውን አሥርት ዓመታት ሲጽፍ ኖሮ ሳይጨርሰው በ1994 ሞተ። በ1967 ቤቱ ሲቃጠል ረቂቅ እንደጠፋበት እውነት ነው። ሆኖም ትቶት የሄደው ጽሑፍ በሺህ በሚቆጠር ገጽ ነው። መጻፉ አላቃተውም፤ "በቃ" ማለቱ እንጂ። የሥነ ልቦና ሰው የነበረው አብርሃም ማስሎው የገዛ ታላቅነትን መሸሽን በነቢዩ ዮናስ ስም ጠርቶታል። ጾመ ነነዌን የጾመ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፤ ነነዌ ሂድ ሲባል ወደ ተርሴስ ተሳፈረ።

ጥያቄ፦ ኤግዚቢሽን ሲቃረብ መጠጥ ያምረኛል። ለፈጠራ አይረዳም?

መልስ፦ አይረዳም። ያ የሚያደነዝዘው መድኃኒት ማለት እኮ እሱ ነው። ከቁጥጥርህ ከወጣ ሐኪም አማክር።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ሥራዬ ቢሸጥ ዘመድ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቀኛል ብዬ እሰጋለሁ። አበድኩ?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! ይሄማ ሒሳብ ነው። የመጀመሪያው ሥዕል ሳይሸጥ በፊት ለማን፣ ስንት እንደምትሰጪ ወስኚ። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ "ተነፋች" ትባያለሽ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ነኝ፤ ታዲያ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ይሄኛው ሳያልቅ የሚቀጥለውን ሸራ ወጥሪ። ያኔ ዕጣሽ በአንድ ሥዕል ላይ አይንጠለጠልም። ፍሬም ሠሪ ጋ ሄደሽ ቀን ቁረጪ፤ ቀብድም ክፈይ።

ጥያቄ፦ ቀኑ ደርሶ ሥዕሉ ባይጥመኝስ?

መልስ፦ አይጥምሽም። እኔም ሙሉ በሙሉ ጥሞኝ ያስረከብኩት ትዝ አይለኝም። ፈርመሽ ላኪው።