ጽሑፉ የተቆረጠበት የራጋማላ ሥዕል

ጥያቄ፦ የአንድ የሕንድ ራጋማላ ሥዕል (የሙዚቃ ቅኝቶችን፣ ማለትም ራጋዎችን፣ በሰው መልክ የሚያሳይ ሥዕል) ቅጂ አለኝ። አንዲት ሴት ቪና የተባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ይዛ ሜዳ ላይ ቆማለች፤ ሚዳቋዎች ከበዋታል። ከላይ የነበረው ጽሑፍ ተቆርጧል። የትኛውን ቅኝት እንደሚያሳይ በምን ይታወቃል? ዜማውንስ ከሥዕሉ ማግኘት ይቻላል?

መልስ፦ ቶዲ የተባለችው ራጊኒ፣ ማለትም በሴት መልክ የምትሣል ቅኝት፣ ናት። ቪናና ሚዳቋ አብረው ከታዩ ብዙም አያጠራጥርም። ሰው የሚያምታታው ካኩባ ከተባለችው ራጊኒ ጋር ነው፤ እሷም ብቻዋን ዱር ውስጥ ትሣላለች፣ የሚከቧት ግን ጣዎሶች ናቸው፤ በእጇም የአበባ ጉንጉን ትይዛለች። ስለዚህ መልኳና ልብሷ ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ እንስሳውንና በእጇ ያለውን ይዩ። ዐለት ላይ ተቀምጣ ከእባቦች ጋር ከሆነች አሳቫሪ ናት። መስተዋት እያየች ጉትቻ የምታደርገው ቪላቫል፣ ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠው ሂንዶል፣ ጎህ ሲቀድ የተኛችውን ትቶ የሚወጣው ላሊት ነው።

ይህ መለያ የሚያገለግለው ለራጃስታን ሥዕሎች ነው። እዚያ ሙሉው ስብስብ አብዛኛውን ጊዜ 36 ነው፦ 6 ራጋዎች፣ ለእያንዳንዳቸው 5 ሚስቶች፣ ማለትም ራጊኒዎች። በሂማላያ ግርጌ የነበሩት የፓሃሪ ሠዓሊዎች ግን ስለ ሙዚቃ የጻፈውን የሜሻካርናን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥርዓት ተከትለው ለየራጋው 8 ወንዶች ልጆች ስለጨመሩ ቁጥሩ ከ80 ያልፋል፤ ትዕይንቱም ሌላ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ሥዕሉ የየት አገር እንደሆነ ያጣሩ። ዋናውን ሥዕል የማየት ዕድል ካገኙ ጀርባውንም ይመልከቱ፤ ስምና ተራ ቁጥር አንዳንዴ እዚያ ይገኛል። በሌላ እጅ ኋላ የተጻፈ ስም ከትዕይንቱ ጋር ከተጋጨ እኛ ትዕይንቱን እናምናለን።

ዜማውን ግን አያገኙትም። ሠዓሊው የሚሠራው ራጋውን እንደ ሰው ከሚገልጽ አጭር ግጥም ወይም ከቀድሞ ሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በ1591 በሕንድ ቹናር ከተማ የተሣለው ስብስብ በራጃስታን ላሉት ለቡንዲና ለኮታ ሠዓሊዎች ለብዙ ትውልድ ሞዴል ሆኖ አገልግሏል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን የሙዚቀኛ እጅ የግድ አላስፈለገም። የራጋዎቹ ድምፆችም ተለዋውጠዋል፤ በዚያ ዘመን ቶዲ ይባል የነበረው ዛሬ ባይራቪ ከሚባለው ሌላ ራጋ ጋር ነው የሚቀራረበው። ከሥዕሉ የሚያገኙት ስሜቱን ነው፤ አንዳንዴም ሰዓቱን ወይም ወቅቱን፣ ሜግ የተባለው ራጋ በዝናብ እንደሚሣለው።