የውበት ኦፕራሲዮን ያሰባችሁ ጠይቁኝ፣ ሰርጀን እንዴት እንደሚጣራ ልንገራችሁ

ሰላም ቤተሰብ። ኦፕራሲዮን ክፍል የምሰራ ነርስ ነኝ፣ የምኖረው ለገጣፎ። ዛሬ ተረኛ አይደለሁም፣ እየገባሁ እየወጣሁ እመልሳለሁ። «ዶክተር እገሌ ጎበዝ ነው ወይ» ብላችሁ በውስጥ መስመር አትጻፉልኝ፣ የሰው ስም አንስቼ አላወራም። እንዴት እንደሚጣራ ግን እስኪሰለቻችሁ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር ከወለድኩ በኋላ ሆዴ ተንጠለጠለ፣ ማሰራት ፈልጌ ነበር። ቲክቶክ ላይ የማየው ሰውዬ ዶክተር ነኝ ይላል፣ ዶክተር ከሆነ ያው ሰርጀን ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም የኔ እናት። ህክምና ተምሮ የተመረቀ ሁሉ ዶክተር ነው፣ ጠቅላላ ሐኪም ይባላል። ሰርጀን የሚሆነው ከዛ በኋላ አመታት የሚፈጅ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት ትምህርት) ሲጨርስ ነው፣ ሰርጀኑም ቢሆን የአጥንት አለ የአንጎል አለ የጠቅላላ አለ፣ አንቺ የምትፈልጊው ፕላስቲክና ሪኮንስትራክቲቭ ሰርጀሪ (የሰውነትን ቅርጽ የማስተካከልና የመጠገን ኦፕራሲዮን) የተማረውን ነው። «ኤስቴቲክ (የውበት) ዶክተር» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም፣ አጭር ኮርስ ወስዶ ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ የሰቀለም ይለዋል። ስፔሻሊቲህ ምንድነው፣ የት ተማርክ፣ የሙያ ፈቃድህን ላየው ብለሽ ጠይቂ፣ ፈቃዱ ላይ ሙያው ተጽፏል። የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው ቦርሳሽን አንስተሽ ውጪ። እኔ በግሌ የማምነው ደግሞ ቃጠሎና የአደጋ ጠባሳ ሲሰራ የኖረን ሰው ነው፣ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ህክምናውን ያየ ይገባዋል፣ እዛ የተገራ እጅ በፎቶ ብዛት አይተካም። እና ደሞ እያጠባሽ ከሆነ ወይ ሌላ ልጅ ካሰብሽ ቆይ፣ ብታረግዢ የተሰራው ተመልሶ ይለጠጣል።

ጥያቄ፦ የክሊኒኩን ፈቃድ የት ሄጄ ነው የማጣራው? እኔ ሰበታ ነኝ።

መልስ፦ የሰውየው ፈቃድ ሌላ የቤቱ ፈቃድ ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሰርጀኑ ትክክለኛ ሆኖ ቤቱ ለኦፕራሲዮን ያልተፈቀደለት ሊሆን ይችላል። አያት ያለ ክሊኒክ አዲስ አበባ ስለሆነ የከተማው ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነው የሚመለከተው፣ ትንሽ አልፈሽ ለገጣፎ ከገባሽ ግን ሸገር ከተማ ነው፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም እንደዛው፣ ስለዚህ የምትጠይቂው የኦሮሚያን ጤና መስሪያ ቤቶች ነው። የአንድ ታክሲ መንገድ ነው ቢሮው ግን ሌላ። ብዙ ጊዜ ፈቃዱ ሪሴፕሽን ጋ ተሰቅሏል፣ ደረጃውን አንብቢው፣ የቆዳ ክሊኒክ የሚል ቤት ሙሉ ሰመመን ሰጥቼ ሆድ እሰራለሁ ካለሽ ተመለሺ።

ጥያቄ፦ ሰርጀኑን አጣርቻለሁ በጣም ጥሩ ነው። ሌላ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ማን ነው የሚያስተኛኝ በዪ! ይሄን ማንም አይጠይቅም እኮ። አንቺ ተኝተሽ ትንፋሽሽን፣ ኦክስጅንሽን፣ ደም ግፊትሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚከታተል የሰመመን ባለሙያ መኖር አለበት፣ ሰርጀኑ እየቀደደ ሰመመኑንም እሱ እያየ አይሆንም። ኦክስጅን አለ ወይ፣ ልብ ቢቆም የሚሰራ ማሽን አለ ወይ፣ መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ ይነሳል ወይ (ሰፈራችን መብራቱ እንዴት እንደሆነ መቼም አልነግራችሁም)፣ ነገሩ ከከበደ ወደ የትኛው አይ ሲ ዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) ነው ሪፈር የምታደርጉኝ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባለሙያው ራሱ መጥቶ ስለ አስም፣ ስኳር፣ ግፊት፣ የምትወስጂው መድሃኒት ካልጠየቀሽ ደስ አይለኝም። ምግብ ቢያንስ 6 ሰአት፣ ውሃ 2 ሰአት ቀድሞ ይቆማል፣ ክትፎ ምናምን ከሆነ ከዛም ይረዝማል፣ ደብቃችሁ በልታችሁ አትምጡ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ዳሌ ማስጨመርስ? ቢቢኤል የሚሉት። ከራሴ ሰውነት ተወስዶ የሚወጋ ስብ ስለሆነ ችግር የለውም አሉኝ።

መልስ፦ የራስሽ ስብ መሆኑ አይደለም ጉዳዩ፣ የሚወጋበት ቦታ ነው። መርፌው ጡንቻ ውስጥ ከገባ እዛ ያሉትን ትላልቅ ደም ስሮች ይቀድና ስቡ በደም ወደ ልብና ሳንባ ይሄዳል፣ እዛው ጠረጴዛው ላይ ይገላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ የሰርጀኖች ጥናት ከ3,000 አንድ ሰው ድረስ ሊሞት እንደሚችል ገምቷል፣ ለውበት ተብሎ ለሚሰራ ነገር በጣም ብዙ ነው። በቀጣዩ አመት የሙያ ማህበራቱ ስቡ ከቆዳ ስር ብቻ ይሁን፣ ጡንቻ ውስጥ አይግባ ብለው አስጠነቀቁ። ስለዚህ «የት ንብርብር ውስጥ ነው የምትወጋው» ብለሽ ጠይቂ፣ ጥያቄው ካልገባው ተነሺ። እህቴ ብትሆኚ ይቅርብሽ ነው የምልሽ።

ጥያቄ፦ ጆሮዬን ተበስቼ ያበጠ ጠባሳ ወጣብኝ፣ አንዱ ቆርጬ ልጣልልሽ አለኝ።

መልስ፦ ኬሎይድ ነው የሚመስለው፣ እኛ ጥቁሮች ላይ ይበዛል። ቆርጦ መጣል ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ ከድሮውም ይተልቃል። ከተቆረጠ በኋላ መርፌ ወይ ሌላ ክትትል ያስፈልገዋል። «ከቆረጥክ በኋላስ?» ስትዪው ዝም ካለ አታስነኪው። እንዲህ አይነት ጠባሳ ያለበት ሰው ሌላ የውበት ኦፕራሲዮንም ሲያስብ ቀድሞ ለሰርጀኑ ይናገር።

ጥያቄ፦ ፀጉር ቤት ውስጥ ፊለር (ከንፈር ወይ ፊት እንዲሞላ የሚወጋውን) የምትወጋ ልጅ አለች፣ ርካሽ ነው።

መልስ፦ አይ። ፊለር ደም ስር ውስጥ ከገባ ቆዳ ይሞታል፣ ፊት ላይ ከሆነ አይንም ሊያጠፋ ይችላል። የተለመደውን የፊለር አይነት ቶሎ የሚያሟሟ መድሃኒት አለ፣ እሱ እጇ ላይ ከሌለ መርፌውንም አትያዝ። ፈሳሽ ሲሊከን ከሆነ ደግሞ ጭራሽ የሚያሟሟው የለም።

ጥያቄ፦ ሲስተር እኔ ወንድ ነኝ፣ ለአፍንጫ ኢስታንቡል መሄድ ይሻላል እዚህ?

መልስ፦ ወንድሜ ኢስታንቡልም ጎበዝ አለ ሸቃጭም አለ። ደላላው በዋትሳፕ ዋጋ ነግሮህ ሰርጀኑን የምታየው በኦፕራሲዮኑ ጠዋት ከሆነ ተወው። አፍንጫ እብጠቱ ጨርሶ እስኪወርድ አመት ሊፈጅ ይችላል፣ ያን ሁሉ ጊዜ ማን ያይሃል? ሌላ ሰው የሰራውን መንካት የማይፈልግ ሰርጀን ደግሞ ብዙ ነው። ከሄድክም የተሰራልህን የሚገልጽ ወረቀት ሳትይዝ አትመለስ።

ጥያቄ፦ በፊትና በኋላ የሚል ፎቶ አሳየኝ በጣም ያምራል።

መልስ፦ ከተሰራ አመት የሞላውን ሰው ፎቶ አሳየኝ በዪው። በሁለት ሳምንቱ ሁሉም ያምራል። መብራቱና አቋቋሙ አንድ ካልሆነ ፎቶው ዋጋ የለውም። ያልተሳካልህ ስራ አለ ወይ፣ ምን አደረግክ በዪው ደግሞ፣ ምንም የለም ካለሽ ወይ አልሰራም ወይ ይዋሻል።

ጥያቄ፦ ላይፖ (ስብ ማስመጠጥ) ተሰርቼ የዛኑ ቀን ኮዬ ፈጬ ቤቴ ብመለስ?

መልስ፦ ትንሽ ቦታ ሆኖ ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ከሰሩሽ ይቻላል። ሙሉ ሰመመን ወይ ሰፋ ያለ ከሆነ ግን ወይ እዛው እደሪ ወይ ሆስፒታል አጠገብ ዘመድ ጋ እረፊ፣ ሌሊት 8 ሰአት ላይ ደም ቢፈስሽ ከኮዬ ማን መኪና ያገኝልሻል? የሚያነሳ የሌሊት ስልክ ቁጥር ተቀበዪ፣ ከመሰራትሽ በፊት አንድ ማታ ደውለሽ ሞክሪው። አንድ እግርሽ ለብቻው ካበጠና ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይ ደረትሽን ከወጋሽ ግን ክሊኒኩን አትጠብቂ፣ ቅርብሽ ያለ ድንገተኛ ክፍል ግቢ፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።