ለጋዝ ከመክፈልሽ በፊት በረዶውን አሟሚ

እህቴ፣ «ፍሪዘሩ ሥጋ ያደርቃል፣ ታችኛው ክፍል ግን ወተት አያሳድርም፤ ባለሙያው ጋዝ አልቋል አለኝ» ያልሽው እኔም ጎንደር አዘዞ ተከራይቼ ስኖር የደረሰብኝ ነው። እባክሽ ለጋዝ አትክፈይ፣ ገና ነው።

የፍሪጅ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ። የሚጎድለው ቱቦው ሲያፈስ ነው፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ቢሞላም ተመልሶ ይወጣል። ጋዝ ሲጎድል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፍሪዘሩም አብሮ ይደክማል።

እኔ ሁለት ጊዜ አስሞልቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከጥገና ቤት ሲመለስ ጥሩ ይሠራል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይሞቃል። ሁለተኛው የጥምቀት ዋዜማ ላይ ነበር፤ ለእንግዶች ያስቀመጥነው ወተት በሙሉ ተበላሸ። በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ መጥቶ የፍሪዘሩን የውስጥ የኋላ ሽፋን ፈታ። ከጀርባው ነጭ የበረዶ ግድግዳ ቆሟል፤ የማራገቢያው ክንፍ በረዶው ውስጥ ተቀርቅሯል። ኖ ፍሮስት በሚባለው፣ በረዶውን በራሱ በሚያሟሟው ፍሪጅ ቅዝቃዜው የሚፈጠረው እዚያ ነው፤ ወደ ታች የሚያወርደው ማራገቢያው ነው። ጋዙ የሠራ የመሰለኝ ፍሪጁ ጥገና ቤት ተነቅሎ ሲያድር በረዶው ስለሚሟሟ ነበር!

ስለዚህ ዕቃውን አውጥተሽ ንቀይው፣ ሁለቱንም በሮች ከፍተሽ 24 ሰዓት ተዪው፣ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፊ። በረዶውን በቢላ እንዳትነኪው፤ ቱቦው ከተበሳ ያኔ ጋዙ በእርግጥ ያልቃል። መልሰሽ ከሰካሽው በኋላ እስከ ማግሥቱ ጠብቂ። ታችኛው ክፍል ወደ 4 ዲግሪ ወርዶ ከቀናት በኋላ እንደገና ከሞቀ፣ በረዶውን በየጊዜው የሚያሟሟው ማሞቂያ ወይም ማሞቂያውን የሚያዘው ክፍል ሳይበላሽ አይቀርም። ለባለሙያው ይህንኑ ንገሪው። የእኔ ማሞቂያው ተቃጥሎ ነበር፤ ከተቀየረ ወዲህ ችግር አላየሁም።

የበሩንም ላስቲክ ፈትሺ፤ እርጥብ አየር የሚገባው፣ በረዶውም የሚበዛው በእሱ በኩል ነው። የብር ኖት በበሩ መካከል አድርገሽ ዝጊና ሳቢው፤ ሳይይዝ ከወጣ ላስቲኩ ላልቷል። የታችኛውን ክፍል የአየር መውጫ በቲማቲም ፌስታል አትድፈኚው። ፍሪጁን ነቅለሽ ከኋላው የተከማቸውን አቧራ በብሩሽ አራግፊ፤ በበጋ የእኛ ከተማ አቧራ ቶሎ ይሞላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ «ቀጭ ቀጭ» ይላል ያልሽው ደግሞ አሳስቦኛል። ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም የፍሪጁ ሞተር፣ ወዲያው ሊነሣ ሲታገል እንዲያ ይጮኻል። መብራት ሲሄድ ንቀይው፣ ከተመለሰ በኋላም ቢያንስ 5 ደቂቃ ሳይሞላ አትስኪው፤ አቅም ካለሽ መብራቱን አዘግይቶ የሚለቅ መከላከያ ግዢ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ማራገቢያው ሲዞር ይሰማሻል? በብዙዎቹ ፍሪጆች በሩ ሲከፈት ስለሚቆም፣ በሩ ሲዘጋ የሚጫነውን ቁልፍ በጣትሽ ተጭነሽ ጆሮሽን ወደ ፍሪዘሩ አስጠጊ። ከሟሟ በኋላም ድምፅ ከሌለ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ማራገቢያው ራሱ ነው።