መልስ፦ የጂፕሰም ቦርዱ መገጣጠሚያ ከቀለም በኋላ ለምን ይታያል?

አብሽር ወንድሜ፤ «ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ) ዘልዬ ሁለት እጅ ቀለም ቀባሁ፣ መስመር መስመር አወጣ» ላልከው፣ ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም። ቦርዱን የሸፈነው ወረቀትና መገጣጠሚያውን የሞላው ስቱኮ (ማስተካከያ ለጥፉ) ቀለም የሚጠጡት እኩል ስላልሆነ ነው። ሦስተኛ እጅ ብትጨምርም ብዙ አይረዳህም።

ለቀሪው ክፍል መገጣጠሚያውን የሚሸፍነውን የወረቀት ቴፕ በደረቅ ቦርድ ላይ አትለጥፍ። መጀመሪያ ስስ ስቱኮ ቀባና ቴፑን ጫንበት፣ ከዚያ ትርፉን በስፓቱላ ጨምቀህ አውጣው፤ ሥሩ አየር ከቀረ ያብጣል። በላዩ ሁለት ስስ እጅ ድገም፣ አንዱ 20 ሳንቲ ሁለተኛው 30 ሳንቲ ስፋት፣ ጠርዙ እየሳሳ የሚሄድ። አንድ ወፍራም እጅ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን ይሰበሰብና ይሰነጠቃል። ደግሞ ቤትህ ያለበትን የደሴን ጭጋግ አትርሳ፤ ኮምቦልቻ ቶሎ የሚደርቀው እዚያ ይዘገያል። ጠቆር ያለ ቦታ ካየህ ገና እርጥብ ነው።

ሲደርቅ በ150 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ እሸው፣ የቦርዱን ወረቀት ግን አታጎፍረው። እውነተኛው አቋራጭ አምፖል ነው፦ ከግድግዳው ጎን አስጠግተህ ስታበራ ጉድለቱ ሁሉ በጥላው ይወጣል። አቧራውን በደንብ ጥረግ፣ ፕራይመር ቀባ፣ ከዚያ ቀለም።

የተቀባውን ማፍረስ አያስፈልግም፤ መስመሩን አሽተህ በስስ ስቱኮ አስተካክልና ግድግዳውን በሙሉ ፕራይመር ቀባው።