መልስ፦ አብሮ ሙዚቃ ለማዳመጥ ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል?

«ውድ መሣሪያ ሳንገዛ ሰብሰብ ብለን ሙዚቃ በጥራት ማዳመጥ እንችላለን ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁት፦ በደንብ ትችላላችሁ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ክፍሉን እዩት። ባዶ ግድግዳና ባዶ ወለል ድምፁን እየመለሱ ያደበላልቁታል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ ሲገባበት ግን የዘፋኙ ቃል ጥርት ብሎ ይወጣል። ስፒከሮቹን ከጥግ አውጧቸው፤ እዚያ ሲሆኑ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ያብጥና ሌላውን ይውጠዋል። ከፍታቸውም በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ይሁን።

ስቴሪዮ በትክክል የሚሰማው ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል በሚርቀው መሀል ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ አልበም ባለቀ ቁጥር ወንበር ተቀያየሩ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው፤ ያን ወንበር ሁሌ አንድ ሰው ከያዘው ሌላው አጃቢ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የቆየ ሲዲ ካላችሁ አትናቁት። ሲዲ ላይ ድምፁ የሚቀዳው በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ ነው፤ ይህም የሰው ጆሮ የሚደርስበትን እስከ 20 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 20,000 ንዝረት) ያለውን ሁሉ ይይዛል።

መስማት የሚቸግረው ሰው ካለ ለሁሉም ድምፅ ከመጨመር እሱን ወደ ስፒከሩ አስጠጉት። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይጨምራል፤ ክፍል ውስጥ ጭማሪው ቢያንስም ቃላቱ ይጠሩለታል።