ለመሐል ሜዳዋ ተማሪ፦ ቀስ ማለትሽ ጉድለት አይደለም

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ጠያቂያችን የሰሜን ሸዋዋ የመሐል ሜዳ ከተማ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምራ ዘንድሮ ትመረቃለች። ፓይለት መሆን ትፈልጋለች። ግን አውሮፕላን ሊነሳ ሲል ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ መረጃ ቢይዝ ወይም «አልቀበልም» ቢል አብራሪዎቹ እዚያው መፍታት እንዳለባቸው አንብባ ፈርታለች። «እኔ ዝግተኛ ነኝ፤ ሁሉንም ነገር ሁለቴ ሳላይ አልለቅም፤ ጓደኞቼም ይስቁብኛል» ትላለች። አጎቷ ደግሞ ደብረ ብርሃን ያለውን ቤት ሸጦ ውጭ አገር የበረራ ትምህርት ቤት ሊልካት ተነስቷል። እናቷ አውሮፕላን ሲባል ይጨንቃታል። እሷም መነጽር ማድረጓና ሴት መሆኗ ያሳስባታል።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ። መነጽር ብቻውን አያስቀርም፤ የሚወስነው የአቪዬሽን ሐኪም ምርመራ ነው። ስለ ሴትነትሽ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆና መልሳልሻለች። እናትሽ መጋቢት 1 ቀን 2011 የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አስባ ከሆነ አልፈርድባትም። ነገር ግን ያ አውሮፕላን ከተነሳ በኋላ ነው የተሳሳተ የሴንሰር ንባብ የደረሰው፤ ያንን ይዞ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች የደፋውም የአምራቹ ሶፍትዌር ነው። አንቺ የጠየቅሽው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዝግታሽ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ምክር መስጠት ሳልጀምር ዓመታት የሠራሁት የአውሮፕላን ጭነት በሚሰላበት ክፍል ነው። ሎድ ሺት፣ ማለትም የአውሮፕላኑ ክብደትና ጭነት የተጻፈበትን ወረቀት፣ አዘጋጅተን ለአብራሪው የምናደርስ ሰዎች ነበርን። ወረቀቱን ሳያይ ፈርሞ የሚመልስ አብራሪም አይቻለሁ፤ «ይቺን ቁጥር እስቲ እንደገና» የሚልም አይቻለሁ። ልጄን የማሳፍረው ከሁለተኛው ጋር ነው።

ኮምፒዩተሩ ችግሩን ራሱ ሲናገር ነገሩ ያን ያህል አይከብድም። ስክሪኑ ላይ መልእክት ይወጣል፣ መጽሐፍ ይገለጣል፣ ቴክኒሻን ይጠራል። የትኛው ዕቃ ተበላሽቶ መብረር እንደሚቻል፣ የትኛው ደግሞ አውሮፕላኑን ከቦታው እንደማያነቃንቀው አስቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧል። ችግሩ ካልተፈታ በረራው ይዘገያል፤ ተሳፋሪ ያጉረመርማል፤ በቃ።

የሚያስፈራው የተሳሳተ ቁጥር ተቀብሎ ዝም የሚለው ኮምፒዩተር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2009 ሜልበርን ላይ አንድ ኤርባስ ኤ340 ሊነሳ ሲል ክብደቱ 362 ቶን መሆኑ ቀርቶ 262 ቶን ተብሎ ገባ። አንድ አሃዝ ብቻ! ኮምፒዩተሩ ምንም አላለም። ለቀላል አውሮፕላን የሚበቃ የሞተር ጉልበትና ዝቅተኛ የመነሻ ፍጥነት አስልቶ ሰጣቸው። መንደርደሪያው ሊያልቅ ሲል አውሮፕላኑ እምቢ አለ፤ ጭራው ከመሬት ጋር ተፋተገ። ካፒቴኑ ሙሉ ጉልበት ባይሰጠው ኖሮ 275 ሰው ነበር የተሳፈረበት። ከዚያ 6 ዓመት ቀደም ብሎ ኦክላንድ ላይ አንድ ቦይንግ 747 በ347 ቶን ፋንታ በ247 ቶን ተሰልቶ ጭራው መሬት መትቷል። ያው 100 ቶን!

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሲድኒ ላይ የቆመ ኤርባስ ኤ330 «የት ነህ ያለኸው» ሲባል የተሰጠው ኬንትሮስ ከ151 ዲግሪ ከ9.8 ደቂቃ ወደ 15 ዲግሪ ከ19.8 ደቂቃ ተቀይሮ ገባ። ስህተቱ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውሮፕላኑ ራሱን ኬፕ ታውን አጠገብ ያለ ባሕር ላይ አገኘው ማለት ነው። ይህኛው እንኳ ምልክት ሰጥቶ ነበር፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም። ኩዋላ ላምፑር የሚሄደው በረራ ሜልበርን አረፈ።

መድኃኒቱ ምን መሰለሽ? ሁለቱ አብራሪዎች ለየብቻ ያሰሉና ያስተያያሉ። ሎድ ሺቱ ላይ ያለውን ከገባው ጋር ያመሳክራሉ። ከዚያ በላይ ግን ቁጥሩን የሚያውቅ ጆሮ ያስፈልጋል። «ይህ አውሮፕላን በዚህ መንገድ ስንት ይመዝን ነበር?» የሚል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩ ይደክማል፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። እንዲህ ባለ ቦታ የተሳሳተ ክብደት ምሕረቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ሁለቴ ማየትሽ ሙያው የሚፈልገው ነገር ነው። ፍጥነት በልምምድ ይመጣል። የማጣራት ጠባይ የሌለውን ሰው ግን ምን ሲሙሌተር ያስተምረዋል?

ካንቺ የምፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሙያሽ ነው። የኮምፒዩተር ተማሪ ስለሆንሽ መጀመሪያ የሚመጣልሽ «ሪስታርት እናድርገው» ነው። አውሮፕላን ላይ ግን መጽሐፉ ሳይፈቅድ አይጠፋም አይበራም። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ከሱራባያ ወደ ሲንጋፖር የሚበረው ኤርባስ የመሪ ኮምፒዩተሩ ደጋግሞ ሲያስቸግር፣ መርማሪዎቹ አየር ላይ ሰርኪዩት ብሬከሩ (ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው ቁልፍ) ሲሳብ የሚታየውን ምልክት መዝገቡ ላይ አገኙ። አውቶፓይለቱ ተቋረጠ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን በእጃቸው መቆጣጠር አቃታቸው፤ 162 ሰው አለቀ።

ሁለተኛው አስተዳደግሽ ነው፤ ይህ ይብሳል። እኛ አገር ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል። በቤት ውስጥ መልካም ነው። ኮክፒት ውስጥ ግን ገና የተቀጠርሽ ረዳት አብራሪ ሆነሽ፣ አባትሽ የሚያህሉ ካፒቴን «በይ እንሂድ» ሲሉሽ «ይቅርታ ካፒቴን፣ ቁጥሩ አልገባኝም፤ እንቁም» ማለት አለብሽ። ተሳፋሪው ተቀምጧል፣ ማማው ፈቅዷል፣ ሰዓቱ አልፏል። ያኔ አፍሽ ካልተከፈተ ሁለቴ ማየትሽ ዋጋ የለውም። ይህን ከአሁኑ ተለማመጂ። ክፍል ውስጥ አስተማሪሽ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳቱ እጅሽን አውጪ።

አሁን አጎትሽ። ቤቱን እንዳይሸጡ። በፍጹም። በ200 ሰዓት ገደማ በረራ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ይዘሽ ትመለሻለሽ፤ ከዚያስ? እዚህ አገር ትልቅ አውሮፕላን የሚያበር ቀጣሪ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ትልቁም የራሱን አብራሪዎች ራሱ ያሠለጥናል። ፈቃድ ይዞ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ፈቃዱን ለማደስ ብቻ ገንዘብ ያወጣል። ቤቱ የአጎትሽ ብቻ ሳይሆን የልጆቻቸውም ነው፤ ይህን ዕዳ ተሸክመሽ መብረር አያምርሽም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሠልጣኝ አብራሪ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተወዳደሪ። ካልተሳካ ድጋሚ ሞክሪ።

እስከዚያው ግን የበረራ ዲስፓቸርነትን፣ ማለትም መሬት ላይ ሆኖ በረራ የማቀድ ሥራን፣ እንዲሁም የጭነት ስሌትን አትናቂ። አብራሪው ኮምፒዩተር ውስጥ የሚያስገባው ቁጥር ከየት የሚመጣ ይመስልሻል? ኮምፒዩተር ለሚያውቅ፣ ቁጥር ለማይሰለቸው ሰው ደህና እንጀራ ነው። ከዚያ ተነስተው ኮክፒት የገቡ አውቃለሁ፤ ገብተው የማይቆጩ፣ ሳይገቡ ደስ ብሏቸው የሚኖሩም አውቃለሁ።

መጀመሪያ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ጨርሺ። ለአጎትሽም ይህን ጽሑፍ አንብቢላቸው፤ የቤቱን ነገር በተለይ።